ባንዲራው ተሰቅሏል፤ ሰውየውስ?

ሰሞኑን ስለ ነጻነት የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ሰው ስልክ ላይ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። አንዱ «አንብበህ አልቅስ» ብሎ ነው የላከልኝ። አነበብኩት፤ አላለቀስኩም።

ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ነጻነት ማለት በባዕድ አለመገዛት ነው፤ ይህን ደግሞ አባቶቻችን ጨርሰውታል። ነጻነትን የሚያቆየው ምልክቱ ነው፤ አድዋም የተዘመተው ለባንዲራ ነው። የዛሬ ወጣት ግን የባዕድ ምልክት ለብሶ፣ ባጃጁ ላይም ለጥፎ ስለሚዞር ነጻነቱን ሳያውቀው ሸጧል። የግለሰብ መብት የሚሉት ነገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው። ስለዚህ ምልክትን ማክበር ግዴታ ይሁን፣ ያላከበረ ይቀጣ፣ የደሴ ፒያሳ ስም ይቀየር፣ እዚያው ላይም ትልቅ የነጻነት ሐውልት ይቁም።

ጸሐፊው አገራቸውን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። አማርኛቸውም ይጣፍጣል። ክርክራቸው ግን ብዙ ቦታ ላይ ውሃ አያነሳም። በየተራ ልሂድበት።

«አባቶቻችን ጨርሰውታል»

በባዕድ አለመገዛት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደብድበዋታል። በሚያዝያ ተያዘች። ጣሊያን የወጣላት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1933 ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ጠቤ «ጨርሰውታል» ከምትለዋ ጋር ነው። የአድዋ ድል በ1888 ነው። በዚያ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በዚችው አገር ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት የታሰበው አዋጅ የወጣው በ1916 ነው። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ደግሞ በ1934። ከአድዋ እስከዚያ 46 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ለገበያ የቀረበችውን ልጅ ፈረንጅ አልገዛትም። የገዛት የአገሯ ሰው ነው። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን እሷም ነጻ ነበረች። እስቲ ይህን ዓይኗን እያዩ ይንገሯት።

ጭሰኛውም ያው ነው። ካረሰው ላይ እስከ ግማሹ ለባለመሬት እየሰፈረ የኖረ ገበሬ የኖረው ነጻ አገር ውስጥ ነው። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው በ1957፣ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967። አዋጁ በኋላ ያመጣው ጣጣ ሌላ ወሬ ነው፤ ዛሬ አልነካውም። የምለው ይህን ነው፦ አገሩ ነጻ ሆኖ ሰውየው ነጻ ያልሆነበት ዘመን ነበረን፤ ዓመቱም ይቆጠራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

«አድዋ የተዘመተው ለባንዲራ ነው»

ጸሐፊው የክተት አዋጁን ያነበቡት አይመስለኝም። ወይ አንብበው ረስተውታል። አዋጁ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከትቶ እንዲጠብቅ የታዘዘው እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነው። ምኒልክ ሰውን የጠሩት ምን ብለው ነው? አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት መጣ አሉ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይርዳኝ፤ ጉልበት የሌለው ለልጁ፣ ለምሽቱ፣ ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን ይርዳኝ አሉ። ወስልቶ የቀረውን ግን እንደማይተውት፣ አማላጅም እንደማይቀበሉ ጨመሩበት። ልመናም ማስፈራሪያም አለበት። ባንዲራ የሚል ግን የለበትም። ሰው የተጠራው ጎጆው ውስጥ ባለው ነገር ነው።

ሦስቱ ቀለሞች ቀድሞም ነበሩ። አንድ ጨርቅ ላይ ሆነው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዙት ግን በ1890፣ ድሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጨርቁ ክብሩን ያገኘው ከሰዎቹ ነው ማለት ነው። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ቀለሞቹን የወሰደችው፣ ጊኒና ማሊ፣ ሴኔጋልና ሌሎችም የተከተሏት፣ ወራሪን የመለሰ ጥቁር ሕዝብ አለ የሚለው ዜና ስለደረሳቸው ነው። መጀመሪያ ሰው ይሠራል፤ ምልክቱ ኋላ ይመጣል። ቀለበት ስላጠለቀ ብቻ ትዳር የያዘ የለም።

ምልክት ብቻውን እንደማያድንም ደሴ በዓይኗ አይታለች። በዚያ በኅዳሩ ድብደባ ቦምብ ከወደቀባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካውያን የሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። መንግሥታት ፈርመው የተቀበሉት ምልክት ነው፤ ጣሊያንም ፈርማለች። አብራሪው ከቁብ አልቆጠረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ደሴ ነበሩ፤ በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የተነሱት ፎቶም እስከ ዛሬ ይታያል። እሱም ምልክት ሆኗል። ግን መጀመሪያ ሰውየው ከመትረየሱ ኋላ ቆመዋል።

«ወጣቱ ነጻነቱን ሸጧል»

እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። ጸሐፊው ፒያሳ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ የታተመበት ቲሸርት የለበሰ ልጅ አይተው ደማቸው ፈልቷል። ያ ቲሸርት እኮ ሰልባጅ ነው። ሰኞ ገበያ ሄደው ልጆቹ ሲመርጡ ቢያዩ ይሻል ነበር። ክምሩ ሸራ ላይ ተዘርግፏል። ልጁ በሁለት እጁ እየገለበጠ ይቆፍራል። አንዱን ይመዝና አንገቱ እንዳልላላ ይስበዋል። ብብቱን ገልጦ ስፌቱን ያያል። ወደ ብርሃን አንስቶ ቀዳዳ ይፈልጋል። ደረቱ ላይ ይለካና ጓደኛውን «እንዴት ነው?» ይለዋል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። ባንዲራው የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የባጃጇም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ የተሳፈርኩባት አንዲት ባጃጅ ፊት መስታወቷ ላይ ምኒልክና ጣይቱ፣ ኋላዋ ላይ ቼ ጉቬራ፣ በጎኗ ደግሞ «ማሻአላህ» የሚል ተለጥፎባታል። ሾፌሩን ኋላ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ወላሂ አላውቀውም ጋሼ። ስረከባትም ነበረ።»

ባጃጇ የሰው ናት። ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈችው የእሱ ናት። «አትነቅለውም ታዲያ?» ብለው ሳቀ። «የራሴ ብትሆንማ የፈለግሁትን እለጥፍ ነበር» አለኝ። ጸሐፊው ይህን ልጅ ነጻነቱን ሸጠ ብለው ነው የከሰሱት። ምኑን ይሽጥ?

በነካ እጃቸው የኒው ዮርኩን የነጻነት ሐውልትም «የባዕድ ጣዖት» ብለው አልፈውታል። አለማለፍ ይሻላቸው ነበር። ከፈረንሳይ ሕዝብ የተሰጠ ነው፤ የተመረቀው በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ.። እግሯ ሥር የተበጠሰ ሰንሰለት አለ፤ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። ይህ ራሱ ብዙ ያናግራል። ነጻነት በሴት አምሳል ተሠርታ በቆመችበት በዚያ ቀን አብዛኞቹ የአሜሪካ ሴቶች መምረጥ አይችሉም ነበር። መብቱን የሚጠይቁ ሴቶች ጀልባ ተከራይተው ምረቃው ላይ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ጾታ የመምረጥ መብትን እንዳይከለክል በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐውልቷ ከቆመች ከ34 ዓመት በኋላ። ሴቶቹ ሐውልቷን ይነቀል አላሉም፤ ዝም ብለውም አልሰገዱላትም። «ይኸው ራሳችሁ ያቆማችኋት፤ እኛስ?» ነው ያሉት። ምልክት ከጠቀመ የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል፤ ያቆመውን ሰው በገዛ ቃሉ ለመያዝ።

«የግለሰብ መብት የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

ብዕር ያስነሳችኝ ይህችኛዋ ናት። ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን መጻፍ እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

በ1965 እና በ1966 የወሎ ሰው በረሃብ ሲረግፍ አገሪቱ ነጻ ነበረች። ባንዲራው በየመሥሪያ ቤቱ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ገበሬው ግን ከብቱ አልቆ፣ ያለውን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አስፋልቱ መጣ። ብዙው እዚያው መንገድ ዳር ቀረ። መንግሥት ደግሞ ነገሩ እንዳይሰማ አፍኖ ያዘው። ጋዜጣው የመንግሥት፣ ራዲዮው የመንግሥት። ሹሙ የሚፈራው የበላዩን እንጂ የተራበውን አልነበረም። የተራበው ሰው በነጻ አገር ውስጥ ተራብኩ ብሎ የሚጮህበት ቦታ አጣ።

አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው፣ ይህንን ረሃብ አገላብጦ አጥንቶታል። በጥናቱ ውስጥ የእኛዋ ደሴ ገበያ አለች። ያገኘው ነገር ይገርማል። ረሃቡ በበረታበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? አዝመራው ስለከሸፈበት በእጁ የሚሸጠው አልነበረውም፤ ከብቱም ዋጋ አጥቷል፤ ስለዚህ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ከወሎም የወጣው ለዚህ ነው።

ሴን ከዚህ ተነስቶ በኋላ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል። ነጻ ጋዜጣ ባለበት፣ መንግሥትም በምርጫ በሚወርድበት አገር የከፋ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ይላል። ምክንያቱ ረቂቅ ፍልስፍና የለበትም። ጋዜጠኛ ይጽፋል፤ ተቃዋሚ ይጮኻል፤ ወንበሩን የሚፈራ ሹም ሳይወድ በግዱ እህል ይጭናል። መጻፍም መጮኽም ክልክል ሲሆን ሹሙ «አገር ሰላም ነው» ብሎ ይተኛል። ይህን ያለው ሰው ደግሞ ፈረንጅ አይደለም። በልጅነቱ የቤንጋልን ረሃብ ያየ ሰው ነው።

እንግዲህ የመናገር መብት ለማን ነው ቅንጦት? ለበላው ሰው ሊሆን ይችላል። ለወሎ ገበሬ እህል ነው።

ዛሬም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብተው ልብስ ለሚሰፉት ልጆች ነጻነት ማለት «ዛሬ ትርፍ ሰዓት አልሠራም» ብሎ ከሥራ አለመባረር ነው። በማኅበር መደራጀትም ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ አስፍሮታል። ይህ ሁሉ የግለሰብ መብት ነው። ፈረንጅ ያለው ስፌቱ በሚላክበት ጫፍ ነው።

«ማክበር ግዴታ ይሁን፤ ያላከበረ ይቀጣ»

ወሎ ይህን ቀምሳዋለች። ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲወጡ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ትልልቆቹ ተጠመቁ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ማለት ናቸው። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት አሻፈረኝ ብለው ተነሱ። ሌላው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የቀረው ተራ ሰው አንገቱ ላይ ማተብ ታሰረለት። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም እየሆነ የኖረ ቤተሰብ በወሎ ብዙ ነው። ዛሬም አያቶቹ የነገሩትን የሚያወራ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሰው በሌለበት ሰግዶ፣ ሰው ሲመጣ ማተቡን ከአንገቱ ሥር ወጣ አድርጎ ስለሚያሳይ ሰው።

ማተብ ወዶ ላሰረው ክርስቲያን የማይበጠስ ቃል ነው። ለማተቡ ሲል ስንቱ ሞቷል። ያው ክር በግድ ለታሰረበት ሰው ግን ገመድ ነው። ክሩን ብቻ አይቶ ማን ወዶ፣ ማን ተገዶ እንዳሰረው የሚለይ የለም። የሚለየው ሰውየው ልፍታው ቢል ምን ይደርስበታል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። እኔ ነጻነትን የምለካው በዚህ ነው፤ ተራው ሰው እምቢ ሲል ምን ይደርስበታል?

የሚደንቀው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ከቦሩ ሜዳ 18 ዓመት በኋላ የወሎ ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል መሪነት አድዋ ዘመተ። ያ ሁሉ የደረሰበት ሕዝብ ነው የዘመተው። ውለታው ግን ቶሎ አልተከፈለም። ሙስሊሞች በአዲስ አበባ በትልቅ ሰልፍ የእኩልነት ጥያቄ ያነሱት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967። ከአድዋ ወደ 80 ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው። «ጨርሰውታል» ለሚሉት ጸሐፊ ይህም አንድ ነጥብ ነው።

በባንዲራውም ቢሆን ግዴታው ቀድሞ አለ። በ2001 የወጣ አዋጅ ቁጥር 654 አለን፤ መሃሉ ላይ ዓርማ የሌለበትን መጠቀም ይከለክላል፣ ቅጣትም አለው። በዓል በመጣ ቁጥር ግን ልሙጡን የሚይዝ ይይዛል፤ ዓርማ ያለበትን የሚይዝም ይይዛል፤ ሁለቱም አገሬን እወዳለሁ ይላሉ። ቅጣቱ አንዱንም ሐሳቡን አላስቀየረም። ጠቡን ግን አከረረው። ጸሐፊው ተጨማሪ ቅጣት ሲጠይቁ ከዚህ የተለየ ምን ይመጣል ብለው እንደሆነ ቢያብራሩ ጥሩ ነበር።

«የፒያሳ ስም ይቀየር፤ ሐውልት ይቁም»

ስለ ስሙ ብዙ አልልም። ጣሊያን ከሄደ 80 ዓመት አልፎታል፤ ስሙ የእኛ ሆኗል። ፒያሳ ጫማ ስገዛ ተገዛሁ ብዬ አላውቅም። ማካሮኒ ስበላም እንደዚያው። ባይሆን ቀይሩት፤ ሰው ግን «የት ነህ?» ሲባል ፒያሳ ማለቱን አይተውም።

ሐውልት አልቃወምም። ደሴ ግን ምልክት አጥታ አታውቅም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ አለ። ጸሐፊው «የእኩልነታችን ምስክር» ብለውታል። ትልቁም ትንሹም አንድ ጣሪያ ሥር የበላበት መሆኑ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። የዘመኑ ግብር ግን ተራ ነበረው። መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ በየማዕረጉ፣ በመጨረሻ ተራው ወታደር። ጠጁም ሥጋውም እታች እስኪደርስ ይቀጥናል። ይህን ለልጆቻችን ብንነግራቸው አዳራሹ አያንስም። እንዲያውም ገብተው ሲያዩት የሚጠይቁት ይኖራቸዋል።

ሐውልቱ ይቁም ከተባለ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጸሐፊው የመረጡት ቦታ ላይ ካልሲ፣ ቆሎ፣ የስልክ ሽፋን ዘርግተው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ላስቲኩን በአራት ጫፉ አፍሰው የሚሮጡት። ሐውልት ሲቆም አጥር ይታጠራል፣ አበባ ይተከላል፣ ጥበቃ ይቀጠራል። ልጆቹ ያን ጊዜ የት ሄደው ይሸጣሉ? ስለ ነጻነት በተጻፈው በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስለ እነሱ አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ጸሐፊው መልስ ካላቸው ይጻፉልን፤ እናነባለን።